ወረቀት የተለጠፈበት ሸክላ

እዝራን ያወቅኩት ሸክላው ላይ እጄን ሰድጄ ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እስካሁንም አልጠየቅኩትም። ስሜ ሆሣዕና ነው። ቤተሰቦቼ ግን «ክብሪት» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከሺፍት ወጥቼ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ወዳለችው የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ካፌ ገባሁ። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ልጅ የሸክላ ማጫወቻ ዘርግቶ የድሮ የፈረንጅ ዘፈን ያሰማል። ሽሮዬን አዝዤ ሳልቀመጥ ከሸክላው አንዲት ሴት መዝፈን ጀመረች።

ደርቄ ቀረሁ።

ዘፈኑን አውቀዋለሁ! ግን በሸክላ ሰምቼው አላውቅም። የማውቀው ከእማማ ዶሪን አፍ ነው። የምሠራው ስካርቦሮ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እማማ ዶሪን እዚያ የሚኖሩ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ነጭ ሴት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ገላቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ። እንደ ሌሎቹ በባዶ ስማቸው መጥራት አልሆንልሽ ቢለኝ «እማማ» አልኳቸው፤ ትርጉሙን ሲሰሙ ወደዱት። ውሃው ትከሻቸው ላይ ሲፈስ ሁልጊዜ ያንን ዘፈን ይዘፍናሉ። ከዚያ «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በሸክላ አስቀርጬዋለሁ። በሬዲዮ የሰማኝ ሁሉ ጥቁር ሴት እመስለው ነበር» ይላሉ። ሸክላው አንድ እንኳ በእጃቸው የለም። የሚያምናቸውም አልነበረም። እኔ ብቻ አምን ነበር።

እናም ሮጬ ሄድኩና ስሙን ላነብ እየተሽከረከረ ወዳለው ሸክላ እጄን ሰደድኩ። ልጁ ጣቴ ሳይነካው እጄን ለቀም አደረገ።

«ምን ሆነሻል? ልትሰብሪው ነው እንዴ?»

«የማን ዘፈን ነው? የዘፋኟን ስም ንገረኝ!»

ስሙ መጻፍ ያለበት የሸክላው መሃል ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የሆነ ነገር ተጽፏል። ልጁ ፊቴን አየ፣ እጄን አየ፤ አልለቀቀኝም።

«ፐርል ዴላኒ ትባላለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «የዲትሮይት ጥቁር ዘፋኝ ናት። ከሞተች ቆየች።»

ታዲያ እማማ ዶሪን የሰው ዘፈን ነው «የኔ ነው» የሚሉት?

ሰኞ ጠዋት ሳጥባቸው እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። የኔ አፍ ደግሞ መች ያርፋል!

«እማማ፣ ይሄ ዘፈን እኮ የፐርል ዴላኒ ነው አሉ።»

ዘፈኑ ቆመ። ፎጣውን ከእጄ ወስደው ፊታቸውን ራሳቸው አደረቁ።

«አንቺም?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልዘፈኑም። እኔ ደግሞ የባሰውን ሠራሁ። ያየነውን ለውጥ መጻፍ ደንብ ነውና በዕለቱ ሪፖርት ላይ «ያልዘፈኑትን ዘፍኛለሁ ይላሉ፤ ትዝታቸው ተዛብቷል» ብዬ ጻፍኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሃል፣ ምን ልበላችሁ፣ የልጁ ፍቅር ያዘኝ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩና ሳልጠይቅ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ወጣሁ። እዝራ ይባላል። በሥራ ቀን የኖርዝ ዮርክ ፎቆችን አሳንሰር ይጠግናል። ቅዳሜ ግን የሸክላ ነው። የሚሰበስበውም አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ነጮች የዘፈኑትን «ሶል» የሚባል ሙዚቃ።

«ሶል የጥቁሮች አይደል እንዴ? ከስንቱ ዘፈን መርጠህ የነጮቹን?» አልኩት።

«የሰረቁ አሉ። እነሱን አልሰበስብም። እኔ የምፈልገው የሰው ቤት ገብተው፣ ባለቤቱን አክብረው፣ ከልባቸው የዘፈኑትን ነው» አለኝ። «እኔም ያደግኩት በሰው አገር ነው፣ ሆሣዕና። ስሜቱን አውቀዋለሁ።»

«ፐርል ዴላኒ ታዲያ ጥቁር ናት አላልከኝም?»

እስከ ጆሮው ቀላ። «ሻይ ልጨምርልሽ?» አለኝ።

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን የሚያፍር ወንድ ደስ ይለኛል፤ አለፍኩት። የምንረዳቸውን ሰዎች ነገር ውጭ ማውራት ክልክል ነውና ስለ እማማ ዶሪንም አልነገርኩትም።

በአምስተኛው ቅዳሜ እስከ ስካርቦሮ በመኪናው ሸኘኝ። በራችን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወደኔ ዞረ።

«ሆሣዕና... ቅዳሜ እስኪመጣ ሳምንቱ አልገፋ እያለኝ ነው።»

«እኔንም!» አልኩት። ሴት ልጅ ትንሽ ትግደርደር የሚባለውን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም።

ማክሰኞ ኃላፊዬ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ሪፖርትሽ በጣም ጠቅሞናል» አለችኝ። «ዶሪንን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ልናዛውራቸው ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ይወሰናል።»

ሦስተኛ ፎቅ አእምሯቸውን ለሳቱ ሰዎች ነው፤ በሩ በቁልፍ ይዘጋል። እማማ ዶሪን በየቀኑ ያለ ረዳት ግቢውን የሚዞሩ ሴት ናቸው። እንደዚያ ከተዘጋባቸው አንድ ክረምት አይዘልቁም።

ማታ እስኪሆን አልጠበቅኩም። ከሥራ እንደወጣሁ እያለቀስኩ ወደ እዝራ አፓርትመንት ሄድኩ። ውሃ ሊያመጣልኝ ወደ ኪችን ገባ። እኔም ያንን ዘፈን ልስማው ብዬ ሸክላውን ከመደርደሪያው አወጣሁ። የወረቀቱ ጫፍ ተነስቷል። ጎተት አደረግኩት።

ከሥሩ የታተመው ስም «ዶሪን ማኬይ፣ ቶሮንቶ፣ 1965» ይላል።

«እዝራ! ይሄ ምንድን ነው?»

ብርጭቆውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ወግ ነው... የሰብሳቢዎች ወግ» አለ። «ሌላ ሰው ጋ የሌለ ሸክላ ካለህ ስሙን ትሸፍንና የውሸት ስም ትሰጠዋለህ። ሌሎቹ ሰብሳቢዎች ካወቁት ፈልገው ያገኙታላ! ያን ቀን እየሮጥሽ ስትመጪ ሌላ ሰብሳቢ የላከሽ ሰላይ መስለሽኝ ነበር።»

«ከዚያስ በኋላ? አምስት ቅዳሜ አብረን ስንበላ፣ ስንስቅ?»

«አፈርኩ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣኋት... መቼም ሞታለች ብዬ...»

«ሞታለች? ዛሬ ጠዋት ገላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ!»

እዝራ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የብርጭቆው ውሃ ፈሰሰ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ያልተናገርኩት ክፉ ቃል የለም። ሲደክመኝ ግን እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስለ ሪፖርቱና ሐሙስ ስለሚወሰነው እየነገርኩት አነባሁ። ያጠፋው እሱ ብቻ አልነበረማ። እሱ ዋሸ፤ እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት የማውቃቸውን ሴት ትቼ አንድ ቁራጭ ወረቀት አመንኩ። አምኜም በእጄ ጻፍኩባቸው።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አለኝ።

«ይቅር አላልኩህም!»

«አውቃለሁ። እመጣለሁ።»

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ከነሥራ ልብሱ፣ ማጫወቻውን ታቅፎ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ገባ። ኃላፊዬ ልታስቆመው ተነሳች። እሱ ግን በቀጥታ ሄዶ እማማ ዶሪን ፊት ተንበረከከ።

«አጥፍቻለሁ» አላቸው። «ስምዎን ሸፍኜ የሌላ ሰው ስም ጻፍኩበት። ከዛሬ ጀምሮ ማን እንደዘፈነው ዓለም ይወቅ።»

የቀረውን ወረቀት በሰው ሁሉ ፊት ላጠውና ሸክላውን እጃቸው ላይ አኖረ። እማማ ዶሪን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት። በጣታቸው ስማቸውን ዳበሱት።

«ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አሉ። «ሁለተኛው አንጓ ላይ ድምፄ ሻከር ይላል። ድገሙልኝ ብል እምቢ አሉኝ።»

እዝራ አጫወተው። በአዳራሹ ውስጥ ማንኪያ የሚያነሳ ጠፋ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ እየዘፈነች መጣች፣ መጣችና... ሁለተኛው አንጓ ላይ ድምፅዋ ሻከር አለ!

ኃላፊዬ ቀና ብላ እማማ ዶሪንን አየቻቸው። እሳቸው ግን ማንንም አያዩም ነበር። የተቀመጡበትን ወንበር ተደግፈው ተነሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑና ከዚያች ልጅ ጋር አብረው ዘፈኑ። ጮክ ብለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው! አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከአልጋ መነሳት የማይወዱት እንኳ በበሩ ብቅ አሉ።

ኃላፊዬ ዓይኗን እየጠረገች ሪፖርቴን መለሰችልኝ። «ራስሽ አስተካክይው» አለችኝ። እዚያው ቆሜ «የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። የሦስተኛ ፎቅ ነገር በዚያው ቀረ።

ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ነገ ውሃውን ሞቅ አድርጊው እንጂ ይቅር ብያለሁ» አሉኝ።

እሳቸው ይቅር ካሉ እኔ ማን ነኝ? እዝራን መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትዬው ወጣሁ። ልቆጣው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ፤ አቀፍኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺ ጠባብ ካፌ ለሰው አልበቃችም። ወሬውን የሰሙ ሰብሳቢዎች ከሞንትሪያል ድረስ መጡ። እማማ ዶሪን ቀይ ቀሚስ ለብሰው ሦስት ጊዜ ዘፈኑት። አራተኛ ሲጠየቁ «ጉሮሮዬ እንደናንተ የሃያ ዓመት አይደለም!» ብለው አሳቁን።

ሐምሌ ላይ እዝራ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ፣ የእዝራ አጎትና እማማ ዶሪን! አባዬ በሩን ከፍቶ ነጯን ሴት ሲያይ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ።

«ጉዳይ አለን፤ ሳይፈጸምልን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ እንደ ወጉ። እዝራ እኔን ለትዳር እንደሚፈልግ ተናገሩ። አባዬም እንደ ወጉ ቀጠሮ ሊሰጥ አሰበ።

«እንግዲህ ከቤተሰብ ጋር እንማከርና ለሌላ ቀን...»

የእዝራ አጎት ለእማማ ዶሪን ተረጎሙላቸው። እሳቸው ምርኩዛቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ለሌላ ቀን? ሰው እስኪሰማኝ ስልሳ ዓመት ጠብቄያለሁ። ከእንግዲህ ቀጠሮ አልቀበልም። ልጅቷን ካልሰጡን እዚሁ እንደቆምኩ አድራለሁ!»

አባዬ ምርኩዛቸውን አየ። ፊታቸውን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ሰጥቻለሁ! በቃ፣ ሰጥቻለሁ! ኧረ ይቀመጡልኝ፣ እናቴ!»

ሙሽራ ዓይኗን ሰብራ ጓዳ ትቀመጥ የሚባል ወግ አለ። እኔ ከጓዳ በሩን በርግጄ ወጣሁና እልልታውን ከእናቴ ቀድሜ አቀለጥኩት።