ሁለቱን መንጋ ያገናኘችው ነጥብ

ተመራማሪዋ ሰውን የምትንቀው በማስረጃ ነበር። ሥራዋ ቁጣ በማኅበራዊ ሚዲያ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ መከታተል ነው። ስክሪኗ ላይ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተሰጠው ነጥብ፣ እያንዳንዱ ሼር ቀጭን መስመር ነው። ደስታ ሁለት ሦስት ሰው ጋ ደርሶ ይደክመዋል፤ ቁጣ አይደክመውም። መንጋው መጀመሪያ ይቆጣል፣ ምክንያቱን ቆይቶ ይፈልጋል።

መነጽር ሠሪውን ያወቀችው መነጽሯ ተሰብሮ ነው። ፍሬሙን ሲያስተካክል ጆሮዋን እንዳይነካት መጠንቀቁ በዓይኗ ከመንጋው ለየው። በተዋወቁ በአራት ወራቸው ሊጋቡ ተስማሙ።

ያኔ ነው የነገራት። ከዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ላይ ሲጮህ ሰዎች ከጀርባው በቪዲዮ ቀርጸውት፣ ሰፈሩ አማው። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ሰደበው፤ ሱቁን ዘግቶ ወደዚህ ጠባብ መንገድ መጣ።

ሰፈሩና ከተማው የማይተዋወቁ መንጋዎች ናቸው። ቁጣው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር ሁለቱ ጋ ወዳጅ ያለው አንድ ደደብ ይበቃል። መነጽር ሠሪው ይቅርብሽ ቢላትም፣ ያንን ደደብ ሳላገኝ አልተኛም አለች።

ሦስት ቀን ፈጀባት። መስመሩ ሁሉ በአንዲት ነጥብ ያልፋል፤ ቁጥር 4117። እዚያ ሰፈር ከምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዋ የተላከላትን የአሥራ ሁለት ሰከንድ ቪዲዮ፣ «አረመኔ» ብላ በዘጠኝ ሰከንድ ለባልደረቦቿ ያሻገረች። አይታ እንኳ አልጨረሰችም። ተመራማሪዋ ከንፈሯን አጣማ፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየውን የስም ዝርዝር ከፈተች።

የራሷ ስም ነበር።

ጭራሽ አታስታውሰውም፤ ይበልጥ ያስጠላት ይሄ ነው። ዝርዝሩ ያለው እሷ ጋ ብቻ ስለሆነ ብትደብቀው የሚያውቅ የለም። ቢሆንም በማግስቱ ሱቁ ሄዳ፣ እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው።

መነጽር ሠሪው የሚወለውለውን ሌንስ አስቀመጠ።

«ድምፁን ከፍተሽ ነው ያየሽው?»

«አልከፈትኩትም።»

«ብትከፍቺው ‹አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥ› ስል ትሰሚኝ ነበር። የአባቴ ጆሮ እምቢ ካለ ቆይቷል።»

አባቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወደሳቸው ጠቆመ።

«ለእሱ ንገሪው። ጮክ ብለሽ።»

ጎንበስ ብላ፣ «አረመኔ» ያለችውን ሳታስቀር፣ ጆሯቸው ሥር ጮኸች። መንገደኛው በር ላይ ተኮልኩሎ አፈጠጠ፤ ሌላም አይጠበቅበት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱንስ ሰማሁ» አሉ። «ልትጋቡ ነው ወይስ አይደለም? ይሄን ነው ጮክ ብሎ የነገረኝ የሌለ።»

ቀና ብላ እጮኛዋን ልታየው አልደፈረችም። መነጽር ሠሪው ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ፣ ከእሷ ድምፅ በላይ፣ በአባቱ ጆሮ ጮኸ።

«ልንጋባ ነው፣ አባዬ።»