ገብርኤል ደጅ የምትጠፋው መኪና

ከመጀመሪያው ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ ድምፅ የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ዛሬም አላምንም፣ ይህን የምጽፍልህም እልህ ይዞኝ ነው። ሌሊት ነበር ብለህ እንዳታስብ፣ ጠጥቼም አልነበረም፣ ከምሳ በኋላ ነው የሆነው፣ ጭጋግ ቢለብስም ቀን ቀን ነው።

የእህቴ ባል ደሳለኝ ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ የሚመላለስ አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ አለው፣ እኔ ረዳቱ ነኝ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ «ወገዳ! ወገዳ! አንድ ሰው!» እላለሁ፣ መንገዱ ሲረዝምብኝ በልቤ ግጥም እቋጥራለሁ። መኪናዋን የገዛው በሬዎቹን ሸጦ፣ እርሻውን ለወንድሙ ሰጥቶ ነው፣ ስለዚህ እሷ ከቆመች የሚመለስበት ሞፈር እንኳ የለውም።

እሷም መቆም ጀመረች። የትም አይደለም፣ መንገዱ ዳር ያለው ገብርኤል ደጅ ስትደርስ። ያገራችንን ሹፌር ታውቀዋለህ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሙዚቃውን ይቀንሳል፣ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል፣ ያማትባል፣ ታዲያ ደሳለኝ ገና «በስመ አብ» ሲል ሞተሩ ይንዘፈዘፍና ጭጭ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ደጋግማ ስትጠፋ ግን ሰው እየወረደ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ወሬው መጣ፣ መኪናዋን ለደሳለኝ የሸጠው ሹፌር አንድ ቀን አስከሬን ጭኖ ሲያልፍ ዘመዶች «እዚህ ደጅ አቁምልን፣ ፍትሐት ይደረግለት» ቢሉት «መሽቶብኛል» ብሎ አልፏል አሉ፣ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ራሷ ትቆማለች አሉ። ተራ አስከባሪው ደሳለኝን ጎተት አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ያንተን መኪና ስጠራ ሰው ይሸሸኛል፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ እዚያ ደጅ ቆመች ሲባል ብሰማ ከተራ አወጣሃለሁ» አለው። ደሳለኝ ማታ ለእህቴ «ሸጬያት መተማ ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ» አላት። እህቴ እርጉዝ ናት፣ ስሰማው እኔን አንገበገበኝ።

«ደሴ፣» አልኩት፣ «ኬላው ገመድ ላይ ጠፍታ አታውቅም?»

«ጠፍታለች።»

«ከብት መንገድ ሲያቋርጥስ?»

«ጠፍታለች አልኩህ፣ ምን ልትል ነው?»

«ኬላ ላይ ምን ታቦት አለ? የምትጠፋው ፍጥነት ስትቀንስ ነው፣ አንተ ደግሞ ለገብርኤል ትቀንሳለህ።»

«በገብርኤል ቀልድ የለም! ያንን አፍህን ያዝ!»

አልያዝኩም። ከስልኬ ቪዲዮና ደብረ ታቦር ጋራዥ ስንቆም አፍጥጬ ከማየው የለቀምኳት እውቀት አለችኝ። ኢጂአር የሚሉት ቫልቭ አለ፣ ሞተሩ ካወጣው ጭስ ትንሽ ቀንሶ ወደ ሞተሩ የሚመልስ በር በለው፣ መኪናዋ ስትሮጥ ይከፈታል፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ በምንለው ላይ ስትሆን ግን መዘጋት አለበት፣ ካልተዘጋ ሞተሩ አየር ሲፈልግ የራሱን ጭስ ይምጋል፣ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቶ ታፍኖ እንደሚባንን ሰው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ኮፈኑን ከፈትኩት። ሞተሩን አስነስቼ ቫልቩን የምታንቀሳቅሰውን ቀጭን ጎማ ነቀልኩና በአፌ መጠጥኳት፣ ቫልቩ ደህና ቢሆን ሞተሩ ድምፁን ይለውጥ ነበር፣ ንቅንቅ የለም። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ሞተሩ ለአፍታ ተስተካክሎ መልሶ ተንዘፈዘፈ፣ ያኔ «ያዝኩህ!» አልኩት። ፈትቼ ሳወጣው ጥላሸት ጋግሮበት አፉን እንደከፈተ ተጣብቋል። በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ እምቢ አለ፣ ስለዚህ ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ልኩን ቆርጬ የጭሱን መተላለፊያ ደፈንኩትና መልሼ አሰርኩት። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር እኩል መታ። ደሳለኝ ቆሞ ሲሰማ ቆየና «እስቲ ደጁ ላይ እናያለን» አለ።

በማግስቱ የተሳፈረልን ጥቂት ሰው ነው፣ ሁሉም ለመውረድ እንዲመቸው ከፊት ተጨናንቋል፣ የኋላው ረድፍ ላይ የእኔ ባዶ ጆንያ ብቻ አለ። በሩ አጠገብ የተቀመጡት እማሆይ ናቸው፣ መነኩሲት፣ ምላሳቸው የማይተኛ።

«አንተ ባለቅኔ፣ ይቺ በቅሎህ ዛሬም ትለግም ይሆን?»

«እማሆይ፣ ዛሬ ከቆመች ግጥሞቼን በሙሉ አቃጥላለሁ!»

«ባታቃጥላቸውስ ማን ሊያነባቸው ኖሯል?» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ገብርኤል ስንቃረብ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው፣ መስኮቱ ሁሉ በትንፋሽ ላብ አዘለ። ደሳለኝ ሙዚቃውን ቀነሰ። እግሩን አነሳ። አማተበ። መኪናዋ እየተንፏቀቀች በደጁ አለፈች፣ ሞተሩ አልተንዘፈዘፈም፣ እማሆይ እልልታቸውን አቀለጡት፣ እኔም «አላልኩም!» ብዬ ጣሪያውን በመዳፌ መታሁ።

እመነኝ፣ በዚያ እልልታ ሥር ነው የሰማሁት፣ ከኋላ፣ በረጋ የወንድ ድምፅ፣

«ወራጅ አለ።»

የረዳት እጅ ሳያስብ ነው የሚሠራው፣ የበሩን እጀታ ይዤ ዞር አልኩ። የኋላው ረድፍ ባዶ ነው። ጆንያዬ እንደተጣለ ነው።

«ማነው ወራጅ?» አልኩ።

«በዚህ ጭጋግ ማን አብዶ ይወርዳል?» አሉ እማሆይ።

ከዚያ መንኳኳት መጣ፣ ኳ ኳ፣ የመኪናዋን ጎን ከውስጥ፣ መውረጃው ያለፈው ሰው እንደሚያንኳኳው፣ መጀመሪያ በትሕትና፣ ከዚያ ጠንከር እያለ። ደሳለኝ በመስታወት አየኝ።

«ማነው የሚያንኳኳው?»

«የወንበር ብሎን ላልቶ ነው፣ ንዳ!»

«ላቁም?»

«ንዳ አልኩህ! ዛሬ እዚህ ከቆምን በቃ፣ ቆመች ነው የሚባለው!»

ነዳ። ድምፁ አቀበቱን ስንጨርስ ተወ። ወገዳ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ጥብቅ ናቸው። መስኮቶቹ ሁሉ ላብ እንዳዘሉ ናቸው፣ የመጨረሻው ወንበር ጥግ ያለው ግን መዳፍ በምታክል ቦታ ተጠርጓል፣ ከውስጥ፣ ሰው የት እንደደረሰ ለማየት እንደሚጠርገው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል፣ እልልታቸው የለም።

«መኪናዋንስ አዳንካት ልጄ፣» አሉ፣ «እሱስ በምን ይውረድ?»

«ማን እሱ፣ እማሆይ?»

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ይኸው አሁን መኪናችን ሞልታ ትሄዳለች፣ ተራ አስከባሪው ራሱ «በዚች ግቡ» ይላል፣ መተማ የሚል ቃል ከቤታችን ጠፍቷል። ግን ደሳለኝን እየው፣ ገብርኤል ደጅ ሲደርስ ሙዚቃ ይቀንስ የነበረው ሰው አሁን ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እንዳይሰማ ይጨምራል። አንድ ቀን እጁን እየታጠበ «ያቺን ቆርቆሮ ብናወጣትስ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ዛሬም አይሆንም እላለሁ፣ የቫልቭ ጉዳይ ነው፣ ጥላሸት ነው፣ በእጄ ፈትጌዋለሁ፣ ጠረኑ ከጥፍሬ ሥር ገና አልወጣም። ከፈለገ ስሙን ይንገረኝ፣ ፊቱን ያሳየኝ፣ እንደ ሰው ይጠይቀኝ፣ ማንነቱን ለማላውቀው ድምፅ ብዬ የእህቴን እንጀራ መንገድ ላይ አላቆምም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ይብቃኝ። ወራጅ መውረጃው ሲደርስ ከኋላ ተነስቶ ወንበር ወንበሩን እየያዘ ወደ በሩ ይጠጋል አይደል? ድምፁም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ከጥጉ ነበር፣ ከዚያ ከመሃል፣ ትናንት ግን እማሆይ ተቀምጠውበት ከነበረው ወንበር፣ ልክ ከጀርባዬ ነው የመጣው፣ ትንፋሹ ማጅራቴን ነካኝ፣ ቁጣ የለበትም፣ የደከመው ሰው ልመና ነው።

ነገ ጠዋት ተራችን ነው፣ የበሩን እጀታ የምይዘውም እኔ ነኝ።