ፊደሉን አሳድገው

ሟቹ በተናጋሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ካናቴራ በታጨቀባቸው ካርቶኖች መሃል በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ የማይክሮፎን ማቆሚያ ወድቋል፤ የብረት እግሩ ደም ነክቶታል። ውሃ ልታስገባ የመጣችው አስተናጋጅ ጮኻ ስትወጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ የተሰበሰቡት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለጠዋቱ ተናጋሪ ገና እያጨበጨቡ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ጭብጨባው በሹክሹክታ ተተክቷል። በመሥሪያ ቤቷ «ጆሮ» ይሏታል፤ ጠይቃ ዝም ማለት ስለምትችልበት ነው። ጎንበስ ብላ ሟቹን አየችው። ካልሲው አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ከዚህ ሥራ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖራ አሁንም የሚያሸንፏት እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው።

«ያለቀለት ነገር ነው» አላት ሳጅኑ። «ክፍሉ ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ መድረኩ ጀርባ ያወጣል፤ እዚያ የነበረው ተናጋሪው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ኮድ ሲጽፍ ሲያየው ነበር። ሌላው ወደ ኮሪደሩ ነው። በዚያ በኩል የገባችው ሚስቱ ብቻ ናት። ጥበቃው እያለቀሰች ስትወጣ አይቷታል።»

«ያለቀለት ከሆነ እኔን ምን አድርጊ ብላችሁ ጠራችሁኝ?»

ሳጅኑ በሩን ከፍቶ ወደ ሚስትየው መራት።

ሚስትየው የምዝገባ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች። እሷም የሙያው ሰው ናት፤ የተሳታፊ ባጅዋ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽሽም» አለች። «ዛሬ ያ ሰውዬ ያሳየው ፕሮግራም የባሌ ነው። ቁጭ ብሎ ያደረበት፣ ዓይኑን ያጠፋበት ሥራ ነው። አብሮ አደጉ የሆነው ያ ተናጋሪ ደግሞ ስሙን ያወጣበታል። ‹ዛሬ እንኳ ንገራቸው፣ አፍ የለህም ወይ?› አልኩት። ‹አንተ ሰው አይደለህም› ብዬው ወጣሁ። ከኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው።»

መርማሪዋ ጠበቀች። ቀሪውን ግን እንባ ዋጠው።

«ካልሲው የተለያየ ነው» አለች በመጨረሻ መርማሪዋ።

«ልጃችን እንዳትነቃ ብሎ መብራት ሳያበራ ነው የሚለብሰው።» ሴትየዋ ቀና አለች። «እህቴ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያወጣልኝ ሰው የለም። ልታስሩኝ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። በር ላይ ቆማ እንዳትጠብቀኝ።»

«ከመውጫዋ በፊት እነግርሻለሁ» አለች መርማሪዋ። ብላ ግን ራሷን ረገመች፤ ቃል መግባት ልማዷ አልነበረም።

ተናጋሪውን ያገኘችው በሰው ተከቦ ነው። ወገቡን የሚያቅፈው፣ ፊቱን በመሐረብ የሚያብሰው ብዙ ነው። እንደ ሌላው ሁሉ የጉባኤው ዓርማ ያለበት ካናቴራ ለብሷል፤ የታጠፈበት መስመር ደረቱ ላይ ገና አልለቀቀም።

«ወንድሜ ነበር» አላት። «አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው።»

«ፕሮግራሙን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ። እሱ ያግዘኝ ነበር።»

«ኮድ ሲጽፉ አዳራሹ እንዴት ነበር?»

«ጸጥ ረጭ ብሎ። ኮሽ የሚል አልነበረም። እኔና ኮዱ ብቻ።» ይህን ሲል ሐዘኑ ለአፍታ ከፊቱ ላይ ሸሸ።

የድምፅ ባለሙያው ግን ሐዘን የሚባል ነገር አልጎበኘውም፤ ተናድዷል። «ተናጋሪው መብራት አጥፋ አለኝ፣ አጠፋሁ። ‹ሰው ኮዱን እንጂ ፊቴን አይይ› ብሎ ከስክሪኑ ጀርባ ገባ። የኪቦርዱ ኳኳታ ይረብሻል ብሎ ማይኩንም አዘጋኝ። ታዲያ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ያንን ሁሉ ጊዜ አጥፍቼ ምን ልሁን ብዬ ነው የሰካሁለት?»

የጉባኤው አዘጋጅ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረች። «ሟቹ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለኔ ስጪኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። በጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ሰው! ገርሞኝ ተናጋሪው ወደ መድረክ ሊወጣ ሲል ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ፊቱ ግን አመድ መሰለ።» ከዚያ አዘጋጇ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክዎን፣ ትናንሾቹ ክፍሎች ውስጥ ያሉት ንግግሮች ይቀጥሉ። ሰው ከሩቅ ነው የመጣው።»

ከሬሳ አጠገብ ጉባኤ መቀጠሉ መርማሪዋን አንገሸገሻት። ሆኖም ሰው ባይበተንባት ትመርጣለችና ፈቀደች። ራሷም ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ከሚባለው አንዱም አልገባትም። ወጣቷ ተናጋሪ ኮዷን ስክሪኑ ላይ እንደዘረጋች ግን አንድ ሰው ከኋላ ጮኸ፦

«ፊደሉን አሳድጊው!»

ተናጋሪዋ ንግግሯን እንኳ አላቋረጠችም። ጣቷን ኪቦርዱ ላይ ጣል አደረገች፤ ፊደሉ ወዲያው ተለቀ። መርማሪዋ ወጥታ ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባች። እዚያም ያው ጩኸት፣ ያው መልስ ሆነ።

«ሁሌም እንዲህ ነው?» ብላ አጠገቧ ያለውን ጢማም ጠየቀችው።

«የትም ብትሄጂ። ይህን ሳይጮኹ የሚያልቅ ጉባኤ አላየሁም።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋትማ ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮኽን። ፊደሉ ቁንጫ ያህላል! ሰውዬው ግን ከሰውም አልቆጠረን፤ ንቆን መጻፉን ቀጠለ። ምን ዓይነት ትዕቢት ነው?»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ልጅቷ ከመዋዕለ ሕፃናት ልትወጣ ብዙ አልቀራትም።

ዋናው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው ከፊት ወንበር፣ አዘጋጇ አጠገቧ፣ የድምፅ ባለሙያው ከመሣሪያው ኋላ ሆኑ። ተናጋሪው እጁን አጣምሮ ቆመ። መድረኩ ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ በፖሊስ ተዘግቶ ነበርና ኮምፒውተሩ እንደተተወ ነው።

«ጠዋት አዳራሹ ምን ይመስል ነበር ብዬ ስጠይቅዎ ጸጥ ረጭ ብሎ ነበር አሉኝ» አለች መርማሪዋ። «ሰው ግን ፊደሉን አሳድገው እያለ ሲጮህብዎ ነበር። ጥበቃው እንኳ ኮሪደር ላይ ሆኖ ሰምቷል።»

«ሥራ ላይ ስሆን ምንም አይሰማኝም።»

«ይሁን። እህቴ፣ እስኪ ጠዋት የታየውን ክፈቺልን።»

ሚስትየው ወደ መድረኩ ወጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ነካካችው። ስክሪኑ ላይ ፊደላት አንድ በአንድ ይለቀሙ ጀመር። እጆቿን ግን ከኪቦርዱ ላይ አንስታለች።

«ቪዲዮ ነው» አለች። «የተቀዳ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ተናጋሪው አንገቱን አቀና። «እና? በሙያችን ያለ ነገር ነው። መድረክ ላይ እንዳይበላሽብኝ ፈርቼ ቀዳሁት። ቪዲዮ መቅዳት ነፍስ ማጥፋት ሆነ?»

«አልሆነም። ከስክሪኑ ጀርባ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ግን ጩኸቱን ይሰሙ ነበር፤ በሥራ ተውጠው ቢሆን እንኳ አላስተዋልኩም ይሉኝ ነበር እንጂ ጸጥታ ነበር አይሉኝም። ቪዲዮው ሲጽፍልዎ እርስዎ በጀርባ በር ገብተዋል። ከሟቹ አፍ የሚወጣውን ጥያቄ ፈርተው።» ከዚያ አጠራሯ ተለወጠ። «ሸሚዝህስ የት አለ? ማይኩ የተሰካው ኮሌታ ላይ ነው። ያንተ ካናቴራ ኮሌታ የለውም።»

ሳጅኑ ከካርቶኖቹ የአንዱን ሥር በርብሮ ያገኘውን ሸሚዝ ከፍ አደረገ። እጅጌው ላይ የደረቀ ደም አለ። እዚህ ቤት ሁሉም ካናቴራ ለባሽ ነውና መቀየሩን ማንም ልብ አላለም።

«ልለምነው ነው የገባሁት» አለ ተናጋሪው። ድምፁ ከእግሩ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር። «‹አንድ ጥያቄ እጠይቅሃለሁ፣ አትቆጣም› አለኝ። በሁሉም ፊት ሊያዋርደኝ ነበር።»

ሚስትየው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ሳቀች። ለመስማት የሚከብድ ሳቅ ነበር።

«ይኼን እየጻፈ ያለው ባሌ ነው» አለች። «ተመልከቱ፣ ለሙከራ ያስገባው ስም የልጃችን የቁልምጫ ስም ነው። መጻፍ ስላልቻልክ እሱ ነው የቀዳልህ፤ ሰው ሲያደንቅ የነበረው የሱን እጅ ነው። ጥያቄውን ልንገርህ? ‹ይህን ሁሉ ብቻህን እንዴት ቻልከው?› ሊልህ ነበር። ተማሪ ሳላችሁ ክፍል ውስጥ እየጠየቀ እንዳደመቀህ፣ ዛሬም አንተ እንድትደምቅ። የተጣላነውም በዚሁ ነው፤ አጋልጠው ስለው ‹ተይው፣ ወንድሜ ነው፣ ደስ ይበለው› አለኝ።»

ሰውዬው ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አወጣው።

የድምፅ ባለሙያው ስክሪኑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ሚስትየው ከለከለችው። መርማሪዋ አጠገቧ ቆመች።

«ተነሺ የኔ እህት፣ ልጅሽ ልትወጣ ነው። እኔ አደርስሻለሁ።»

«መጣሁ» አለች። አልተነሳችም። ስክሪኑ ላይ ባሏ አንድ መስመር ጽፎ አጠፋ፤ ትንሽ አሰበና እንደገና ጻፈው። «ይጨርስ፣ ከዚያ እንሄዳለን።»