ፊታቸውን ያዞሩ አበቦች

አቶ ገብረ ኢየሱስ ቅዳሜ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል። ከግርጌያቸው የተቀመጠው የከሰል ምድጃ አመድ ሆኗል፤ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። በመስኮቱ ደፍ ላይ በቅቤ ጣሳ የተተከሉ ሰባት የጄራንየም አበቦች ተደርድረዋል።

መርማሪው የመቶ አለቃ ላቀው ከደብረ ታቦር ተነስቶ ንፋስ መውጫ ከተማ የደረሰው በማግስቱ እሁድ ነው። ጊዜው ኅዳር 1956 ዓ.ም.፣ የአጨዳው ወቅት ነበር። ሟቹ ተቀብረዋል፤ ጨርቅ ነጋዴዋ ሩቅያ ታስራለች፤ የከተማው ሰው ፍርዱን ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ሄዷል።

«ምን የሚመረመር አለ፣ ጌታዬ?» አለ የሟቹ የወንድም ልጅ ቻላቸው። «አርብ ከሰዓት ልትጠይቃቸው መጥታ ከሰሉን ያስገባችው ሩቅያ፣ መጨረሻ የወጣችው ሩቅያ። አጎቴ "ስሞት የፊት ለፊቱ ክፍል ለሩቅያ ሱቅ ይሁናት" ብለው ነበር። መሞታቸውን አፋጠነችው፣ ይኸው ነው!»

«አንተ አጎትህን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«እኔማ... ሥራ አላስወጣ ብሎኝ...»

«መቼ?»

«ለፍልሰታ።»

«ቤትህ ሩቅ ነው?»

ቻላቸው አቀረቀረ። «ከገበያው ማዶ ነው።»

ላቀው ብቻውን ወደ ክፍሉ ገባ። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። ሰውየው ሃያ ዓመት በስልክ ቤት ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ የሚፈልጋቸው ጠፋ። ሚስታቸው ሞተው፣ የተከሏቸው አበቦች ብቻ ቀርተዋል። ላቀው የራሱ ኪራይ ቤት ትዝ አለው። እዚያ እንኳን አበባ፣ ቢጠፋ የሚፈልገው ሰውም የለም። ሐዘኑ የሟቹ ይሁን የራሱ ለጊዜው መለየት አቃተው።

ከዚያ አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ሰባቱም አበቦች ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ አንገታቸውን ወደ አልጋው አስግገዋል። ዳር ያለውን አንዱን ጣሳ አዙሮ ወደ ብርሃኑ መለሰው።

ሩቅያን ፖሊስ ይዟት ገባ። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው መስኮቱ ላይ ነው።

«ማነው እንዲህ ያዞራቸው?»

«ምን ሆኑ?»

«ብርሃኑ እኮ በመስኮቱ ነው የሚገባው! አበባ ብርሃን ፍለጋ ያዘነብላል። አባባ ሰኞ ሰኞ ውሃ ሲያጠጧቸው ነው የሚያዞሯቸው፣ እንዳይጎብጡ። በሁለት በሦስት ቀን ተመልሰው ወደ ብርሃኑ ያዘነብላሉ፤ እስከ ሌላው ሰኞ አይነኳቸውም። ደብረ ታቦር ሲሄዱ የማጠጣቸው እኔ ነበርኩ።»

«አርብ ስትወጪ መስኮቱ እንዴት ነበር?»

«ስንዝር ያህል ክፍት ነበር። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ጣሳዎቹ ከደፉ ካልተነሱ አይገጥምም። ከሰል ካለ አባባ ዘግተው አያውቁም።»

«ለራሳቸው ፈርተው?»

«ለአበባው ነዋ! ጭስ ያጠወልገዋል ይሉ ነበር። ለእሳቸውማ ማን ግድ ነበረው?» እንባዋ መጣ። «ጌታዬ፣ ሁለት ልጆቼ ጎረቤት ናቸው። ደብረ ታቦር ከወሰዳችሁኝ ማን ያሳድግልኛል?»

ቀጥሎ ተሾመች ገባች። ከጓሮው ባለች የሣር ጎጆ የምትኖር፣ ለሟቹ ስምንት ዓመት ምግብ ያበሰለች አሮጊት ናት።

«እትዬ ተሾመች፣ አርብ መጨረሻ የገቡት መቼ ነው?»

«ምሳቸውን ሳቀርብ ነው፣ ጌታዬ። ከዚያ ወዲህ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አልገባሁም።» ይህን እየተናገረች ሳታስበው እጇ ወደ መስኮቱ ሄደ። ላቀው ወደ ብርሃኑ የመለሰውን ጣሳ አንስታ ፊቱን ወደ እሱ አዞረችው። «ለእንግዳ ጀርባውን ሰጥቶ...» አለች፣ እንደ ማፈር ብላ።

ላቀው መልሱን አወቀ፤ ማወቁ ግን ደስ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንና የሰፈሩን ጭቃ ሹም በዚያው ክፍል ሰበሰባቸው።

«አቶ ገብረ ኢየሱስን የገደላቸው የከሰል አየር ነው» ብሎ ጀመረ። «ጥያቄው መስኮቱን ማን ዘጋው ነው። የዘጋው ሰው ሰባቱን ጣሳ አውርዶ፣ ዘግቶ፣ እንደገና አንድ በአንድ ደርድሯቸዋል። ቻላቸው፣ አንተ ብትሆን መሬት ላይ በትነሃቸው ነበር የምትሄደው።»

ወደ ሩቅያ ዞረ።

«ሩቅያ ብትሆን እጇ ስለለመደ ወደ ብርሃኑ ነበር የምትመልሳቸው። የመለሳቸው ሰው ግን ብርሃኑን አላሰበም። ለተኙት ሽማግሌ ጀርባ መስጠት ነውር መስሎት ፊታቸውን ወደ አልጋው አደረገ። ዛሬ ጠዋት አንዱን ጣሳ ወደ መስኮቱ አዙሬው ነበር። እትዬ ተሾመች፣ እርስዎ መልሰው ወደ እኔ አዞሩት።»

ተሾመች ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች።

«ብርድ ነበር» አለች። «ሲመሻሽ ብገባ ተኝተዋል፤ እግራቸው በረዶ ሆኗል። ዘጋሁላቸው። የኔ ጎጆ ጭሱ በሣር ክዳኑ ይወጣል፤ ስንቱን ክረምት ዘግቼ ከእሳት ጋር አድሬያለሁ። ቆርቆሮ ቤት እንዲህ እንደሚያፍን በምን አውቄ?»

«ሩቅያ ስትታሰርስ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈራሁ። ሲመሽ እናገራለሁ አልኩ፤ ሲነጋ እናገራለሁ አልኩ። አፌ ተያዘ።»

«አበቦቹንስ ለነውር ብለው ብቻ ነው ያዞሯቸው?»

ተሾመች በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። «አርብ ምሳቸውን ሳቀርብ "ተሾመች፣ ዛሬም ፊቱን ያሳየኝ ዘመድ የለም" አሉኝ። ሲነቁ ሰባት ጠያቂ የመጣላቸው እንዲመስላቸው ብዬ ነው።»

ቻላቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ላቀው ቃሏን ጻፈ፤ ብዕሩ ከብዶት ሁለት ጊዜ አቆመ። የሩቅያ እጅ ተፈታ፣ ተሾመች ወደ ጣቢያ ልትወሰድ ተነሽ ተባለች።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አለች ተሾመች።

ሩቅያ ጀርባዋን ሰጠቻት። ልጆቿ ሁለት ቀን ሲያለቅሱ ሰንብተዋል። ወደ መስኮቱ ሄዳ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ ታዞር ጀመር።

ተሾመች ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ነገ ሰኞ ነው» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ውሃቸውን...»

ሩቅያ ዞር አላለችም። እጇ ግን ጣሳው ላይ ቆመ።

«አጠጣቸዋለሁ» አለች።