የሕያው እርሾ ፍጻሜ

የጎርዛም ምድር ጉዷን ያወቀችው ከዓሣ አፍ ነው። የክረምቱ ጎርፍ በጎደለበት ማለዳ የዞር ወንዝ አጥማጆች መረባቸውን ሲስቡ የወጣው ዓሣ ሁሉ ከንፈር ነበረው፤ ከንፈሩን ገልጠው ሲያዩም የሰው ጥርስ። ከፊት ነጫጭ ጥርሶች፣ ከኋላ ሰፋፊ መንጋጋዎች፣ ከመንጋጋዎቹም መካከል በትል የተበላ አለ። አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለው ሸሹ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቆሞ ሲያይ ቆየና ወንዙ ዳር ተንበርክኮ አስመለሰ።

ወሬው ዋና ከተማዋ ዳሞሪያ ሲደርስ የምርመራ ቤት ሹማምንት ወደ ምድር ቤቱ ወርደው የድንጋዩን ሣጥን ከፈቱ። ሕያው እርሾ የሚቀመጠው በዚያ ነበር። እርሾው እንደ ሊጥ ነጭ፣ እንደ በግ ሆድ ሙቅ ነው፤ ቁራሹን ቁስል ላይ ቢያኖሩት ሥጋን ከሥጋ፣ አጥንትን ከአጥንት ይሰፋል። አባቶች ኃይሉን ፈርተው የሥጋን ሕግ ደነገጉለት። እርሾው ለፈውስ እንጂ ለሌላ አይውልም፤ ሰውን ከአውሬ ወይም ከሌላ ሰው ማጋጠም እርም ነው፤ በሽተኛውም በሦስት ምስክሮች ፊት ተጠይቆ በገዛ አንደበቱ ካልፈቀደ ማንም አይነካውም። የሚጠይቀው ሹም ወንድ ቢሆን ጠያቂ፣ ሴት ብትሆን ጠያቂት ይባላል።

ሣጥኑ ሲከፈት የተገኘው የቀዘቀዘ ሞራ ነው።

የምርመራ ቤቱ አለቃ አፈ ሕግ ታውል በአደባባይ ቆመው፣ እርሾውን የሰረቀው ከወንዙ ምንጭ ዘንድ የመሸገው ሊቀ ቀማሚ አርዛን መሆኑን አወጁ። ተከትላው እንድትሄድም ከጠያቂዎች ሁሉ በዕድሜ የምታንሰውን ሌዋይትን መረጡ። ሕዝቡ በምርጫው ተደነቀ። ሌዋይትም ተደነቀች፤ ነገር ግን እጇን በሣጥኑ ላይ ጭና ማለች።

«ሥጋን የፈጠረ ይስማኝ። እርሾውን ሳላገኝ ብመለስ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቅ። ሳይጠየቅ የተነካ ሰው ባገኝ እጠይቀዋለሁ፤ ያለኝንም አጸናለታለሁ።»

አብሯት የወጣው የምርመራ ቤቱ በር ጠባቂ ጋሽ ድራር ነበር፤ በጦርነት ያረጀ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ሚስቱ እርሾውን አልሻም፣ በጊዜዬ ልሙት ባለች ጊዜ የጠየቀቻት ሌዋይት ነበረች። ዘመድ አዝማድ ተቆጥቶ፣ እሱ ራሱ እግሯ ላይ ወድቆ እየለመናት፣ ሌዋይት የሟቿን ቃል አላጠፈችም። ድራር ለጥቂት ወራት ጠልቷት ነበር፤ በኋላ ግን ከእሷ በቀር የሚያምነው ሰው አልነበረውም። በትከሻው ጦሩንና አንድ ስልቻ ጨው ተሸከመ፤ የእርሾ ፍርፋሪ ሥጋ መስፋቱን የሚተው በጨው ሲነካ ብቻ ነውና።

ወንዙን ይዘው ሽቅብ ወጡ። ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ውኃው ወፈረ፤ እንደ አጥንት መረቅ ቅባት አንሳፈፈ። ከዳሩ የበቀለው ደንገል ላይ ፀጉር ነበረበት። በአንድ መንደር ጀርባቸው ሙሉ የሰው ጆሮ የበቀለባቸው ፍየሎች አዩ። ባለቤቶቹ አላፈሩም፤ የሊቀ ቀማሚው ሰዎች መጥተው ጆሮውን እየቆረጡ እንደሚወስዱ፣ ዋጋውም ደኅና እንደሆነ ነገሯቸው። ለእራት ከዚያው ፍየል ሥጋ ቀረበ። ሌዋይት አመስግና ተነሣች፤ ከደጅ ወጥታ እስክትርቅ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ከመንደሩ በላይ ባለው ገደል ቆርፋ የሚሉት ፍጥረት ዘለለባቸው። አካሉ የጅብ፣ የፊት እግሮቹ ግን የሰው ክንዶች ናቸው። ድራር በጦሩ ጎኑን ወጋው። ፍጥረቱ ወደቀና እንደ ማንኛውም የተወጋ ሰው ቁስሉን በመዳፉ ሸፈነ፤ በጣቱ ላይ ቀለበት ነበረበት። ድራር ጦሩን በሣር ሲጠርግ ቆየ፤ ሣሩን ጣለ፣ ሌላ ሣር ነጨ፣ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ እንደ ሰው ቀበረው።

የአርዛን ምሽግ ከዞር ምንጭ በላይ በጥቁር ዐለት ታንጿል። ሊዋጉ ተዘጋጅተው ቀረቡ፤ በሩ ግን ያለ ጠብ ተከፈተላቸው። ሊቀ ቀማሚው ራሱ ወጥቶ እጅ ነሣ። እጆቹ ንጹሕ ናቸው፤ የጽጌረዳ ሽቶ ይሸታሉ። የአትክልት ቦታውን ለእንግዳ እንደሚያሳይ ባለርስት ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ይዟቸው ዞረ። በመጀመሪያው አዳራሽ የሰው ቆዳ እንደታጠበ ልብስ በገመድ ተሰቅሎ ነበር፤ አካል ሳይኖረው ያልበዋል። በሁለተኛው፣ በገንዳ ውስጥ ባለቤት የሌላቸው ምላሶች ይንቀሳቀሳሉ። አርዛን አንዷን በጣቱ ነካ አደረገና ፈገግ አለ። ሌዋይት ይህን ሁሉ የሠራው በማን ፈቃድ እንደሆነ ጠየቀችው።

«በንጉሡ ፈቃድ ነው እንጂ፣ እመቤቴ» አለ አርዛን ቅር ሳይለው። «የምርመራ ቤትሽ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው ተስማምተዋል። እርሾውን በእጃቸው ያስረከቡኝ አፈ ሕግ ታውል ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ፤ ሽታው ከተማ እንዳይደርስ።»

ሌዋይት ከሁሉ ታናሿ የተመረጠችበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባት። መንገድ ላይ ቀርታ የምትረሳ ሰው ነበር የፈለጉት። ከቆዳውና ከምላሱ ይልቅ የቀፈፋት ይህ ነበር፤ በነጭ ካባ ተቀምጠው፣ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ሽታው ብቻ መጨነቃቸው።

በመጨረሻው አዳራሽ ምንጩ ራሱ ነበር፤ ውኃው ግን አይታይም። ከዳር እስከ ዳር የሞላው ከእርሾው ያደገ ነጭ ሥጋ ነው፤ ይተነፍሳል፤ እዚህም እዚያም ክንድ፣ ጉልበት፣ አፍ ወጥቶበታል። በመካከሉ አንድ የሴት ፊት ነበር። ድራር አወቃትና ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ። በሳንባ ሕመም ታማ በሙቅ ምንጭ እያገገመች ነው የተባለችው የንጉሡ አንድያ ልጅ፣ ልዕልት ኢልማ ነበረች።

አርዛን እያስረዳ ነው። ልዕልቲቱ ከእንግዲህ አትሞትም፤ የደከመባት ሁሉ በአዲስ ሥጋ ይተካል፤ ሥራው ሲጠና ንጉሡም በተራቸው ይገባሉ። ስለ ልጂቱ አባቷ ፈቅደዋል።

ሌዋይት አልሰማችውም። ከምንጩ ዳር ተንበርክካ በሕጉ ቃል ጠየቀች። «ልዕልት ኢልማ፣ ይህ በሥጋዎ እንዲደረግ ፈቅደዋል?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለች ኢልማ። «አልፈቀድኩም። ከእኔ ጋር የተሰፉት እነዚህም ሰዎች አልፈቀዱም። የእነሱን ለቅሶ የማለቅሰው እኔ ነኝ፤ በእኔ አፍ ነው የሚያለቅሱት። ጨርሱን።»

እርሾውን የሚገድለው ጨው ነው፤ ጨው ግን እምብርቱ ድረስ መግባት አለበት። እርሾው የነካውን ሁሉ ይሰፋልና የገባ አይወጣም። ሌዋይት ስልቻውን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች። ድራር አልለቀቀም።

«ጋሼ፣ የማልሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ የማልሽው ልትጠይቂ ነው፣ ልጄ። ጠይቂኝ።»

እንቢ አለች። አርዛን ዘቦቹን ሲጠራ፣ የሚሮጥ እግር ከደረጃው ሲሰማ፣ ሌዋይት ጠየቀችው። «ድራር የወንድራድ ልጅ፣ ወደዚህ የሚገቡት በገዛ ፈቃድዎ ነው?»

«ፈቅጃለሁ» አለ ድራር። ከነጩ ሥጋ ላይም ሦስት አፎች ተከፍተው «ሰምተናል» አሉ።

ስልቻውን በደረቱ አቅፎ ገባ። አርዛን ሮጦ ካባውን ያዘው፤ የድካሙ ፍሬ ሊጠፋበት ነውና መልቀቅ አልሆነለትም፤ ሥጋው እሱንም በክርኑ ያዘው። «አልፈቀድኩም!» ብሎ ጮኸ። ሌዋይት እንኳን ለእሱ ብላ ልትንቀሳቀስ ፊቱን ማየት አስጸይፏታል። ሕጉ ግን ስለ ክፉ ሰው ልዩ ቃል የለውም። በሆዷ ተኝታ ግራ እጁን ይዛ በኃይሏ ሁሉ ጎተተች። የጽጌረዳው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። እርሾው በእጁ በኩል እስከ ጣቶቿ መጥቶ ሰፋት፤ ያን ጊዜ ብቻ በቢላዋዋ የገዛ ጣቶቿን ቆርጣ ተላቀቀች። አርዛን ሰመጠ። ከሥሩ ጨው ተበተነ። ኢልማ ዓይኗን ከደነች፤ ነጩ ሁሉ ግራጫ ሆነ፣ ቀለጠ፣ በወንዙም ወረደ። ዘቦቹ ከበሩ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው ቆሙ፤ ማንም አልነካትም።

ሽታው ከእሷ ቀድሞ ዳሞሪያ ደረሰ። በአደባባይ ሌዋይት የሆነውን ሁሉ፣ የፈቀዱትንም ሰዎች በየስማቸው ተናገረች። ሕዝቡ ጥርሳሙን ዓሣ በቅርጫት እያመጣ ከሽማግሌዎቹ ደጅ ደፋ። ታውል ከሹመታቸው ሲሻሩም፣ እሳቸው ምንም በእጃቸው እንዳልነኩ፣ የተስማሙ ብቻ እንደሆኑ ይናገሩ ነበር። ንጉሡ ስለ መንግሥቱ አንድም ቃል አልጠየቁም። ልጃቸው ምን ብላ እንደሞተች ብቻ ጠየቁ። ሌዋይት ነገረቻቸው። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ በሽማግሌ ክንድ ላይ የበቀሉ፣ መሥመር የሌለባቸው የጎረምሳ እጆች ነበሩ። ሌዋይት ዓይኗን አዞረች። የሰጧትን የወርቅ ሐብል ሳትቀበል ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። ወደ ምርመራ ቤት ተመልሳ በቀድሞው ቦታዋ ተቀመጠች፤ በር ላይ ግን ድራር የለም። በሽተኛ መምጣቱን አላቆመም። አንድ ማለዳ እግሯ የተቃጠለ ልጁን የታቀፈ ሰው ከሩቅ ቆላ መጣ፤ ወሬውን አልሰማም። ሌዋይት እርሾው እንደጠፋ፣ ያጠፋችውም እሷ እንደሆነች ነገረችው።

«ለልጄ ግን ያስፈልጋት ነበር» አለ ሰውየው።

«አዎ፣ ያስፈልጋት ነበር» አለች ሌዋይት።

ውኃ አሞቀች፤ በቀሩት ጣቶቿ ንጹሕ ጨርቅ ነክራ ከልጂቱ እግር አጠገብ ተቀመጠች፤ «ልንካሽ?» አለቻት።