የባዶው ቤት ልኬት

ወዳጄ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልሆንኩ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልሃል፣ አርብ ገበያ ተወልጄ ሳድግ እንኳ ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ማውራት ሲጀምር ተነስቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ፣ ኋላም ተምሬ ሥራዬ መለካት ሆነ፣ የማይለካ ነገር የለም ብዬ የምኖር ሰው ነኝ። ነበርኩ ልበል። ይህንንም የምነግርህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ይዤው መኖር ስላቃተኝ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገርህ። አንድ ፕሮጀክት ነበር፣ ስሙን ተወው፣ በስማዳና በጋይንት ገጠር ሰው ቤት ውስጥ ያለውን አየር የሚለካ። ከምሳ ዕቃ የማትበልጥ ግራጫ ሳጥን ይዤ እሄዳለሁ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጌ ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ፣ ውስጧ ያለችው ትንሽ ፓምፕ እዝዝ እያለች አየሩን ትስባለች፣ ጭሱንም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉትን ሽታም መልክም የሌለውን የከሰል መርዝም ደቂቃ በደቂቃ ትመዘግባለች፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሼ አወርዳታለሁ። አስቀድሜም ቤተሰቡን ሰብስቤ የእንጨት ጭስ ሳንባ እንደሚጎዳ፣ ሕፃን እንደሚገድል አስተምራለሁ፣ ሥዕል ያለበት ወረቀትም እለጥፋለሁ። ወረቀቱ ላይ ስለ ከሰል አንድ መስመር አልነበረም። ደግሞ አንድ ጥብቅ መመሪያ ነበረን፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ የተለካውን ለባለቤቶቹ አትናገሩ፣ ከሰሙ አኗኗራቸውን ይቀይሩና ጥናቱ ይበላሻል የሚል። ስልጠናው ላይ ይህን ሲነግሩን ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጻፍን እንጂ አንዳችንም እጃችንን አላወጣንም።

ቤቱ ከወገዳ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ባለቤቱ ሙላት የሚባል ገበሬ ነው፣ ሚስቱ የሻረግ ትባላለች፣ አንዲት የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ የሙላት እናት እማሆይ ጥሩም እዚያው ግቢ ውስጥ በራሳቸው ጎጆ ይኖራሉ። ጥቅምት ላይ ሄጄ ሳስተምራቸው የሻረግ እርጉዝ ነበረች፣ እመነኝ፣ ከዚያ ሁሉ ቤት እንደሷ በጥሞና ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም፣ ሥዕሉን እየነካካች ስንት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ህዳር ላይ ሳጥኗን ልሰቅል ስመለስ ወንድ ልጅ ወልዳ አሥራ ሁለተኛ ቀኗን ይዛለች።

ያገራችንን ነገር ታውቀዋለህ፣ አራስ ብርድ እንዳይገባት፣ ምች እንዳይመታት ተብሎ በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ ይደፈናል። የዚያ ዓመት ውርጭ ደግሞ ለጉድ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀውታል። የሻረግ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ተኝታለች፣ አጠገቧ ማንደጃ ሙሉ ከሰል ፍም ሆኗል፣ በሣር ማራገቢያ ሻ፣ ሻ ታደርገዋለች። ሙላት ደስ ብሎት ወደ ማንደጃው አመለከተኝ።

«እንጨቱን ትተነዋል። አንተ ጭስ ሕፃን ይገድላል ካልኸን ወዲህ እሷ ባለችበት እንጨት አልነደደም። ከወገዳ ድረስ ሄጄ በጆንያ ከሰል አመጣሁላት። እየው እስቲ፣ ጭስ የሚባል አለ?»

«ጎበዝ» አልኩት። ይህችን ቃል ያዝልኝ።

በማግስቱ ላወርዳት ስሄድ በሩን ከፍቼ ቆሜ የሳጥኗን መስኮት አየሁት። የመርዙ ቁጥር በዚያ ሥራ ዘመኔ ሁሉ ያላየሁት ነበር። በሩን ይዤ ስለቆምኩ ንጹህ አየር ሲገባ ቁጥሩ ወዲያው መውረድ ጀመረ፣ መድኃኒቱ ያች በር እንደሆነች በዓይኔ እያየሁ ማለት ነው። ይኸኔ የሻረግ ከጓዳ ተጣራች።

«ወንድሜ፣ በሩን መልስልኝ፣ ብርዱ ልጄን ይመታብኛል። እኔም ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይዞኛል።»

መለስኩላት። በዚህ እጄ። መመሪያውን አሰብኩ፣ ወገዳ የሚጠብቀኝን መኪና አሰብኩ፣ ለአለቃዬ ደውዬ አስፈቅዳለሁ ብዬም ራሴን አታለልኩ። ወገዳ ስደርስ ኔትወርክ ጠፍቷል። እውነቱን ልንገርህ፣ ባይጠፋም አልደውልም ነበር፣ ቁጥሩን ያለፈቃድ ተናገረ ተብሎ የተባረረ ልጅ አውቃለሁ፣ እኔም ለእንጀራዬ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናትና ልጅ መደቡ ላይ እንደተቃቀፉ ተገኙ። ምች መታት አሉ። ለልጁ ክርስትና ተብሎ የተቀመጠው ገብስ ለእናቱ ተዝካር ጠላ ሆነ። እኔ መሞታቸውን የሰማሁት ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ሰምቼም ዝም አልኩ።

ጥር ላይ አለቃዬ ደወለልኝ። የሙላት ቤት ባዶ እንደሆነ፣ ሙላትም ከነልጁ እናቱ ጎጆ እንደሚያድር ሰምቷል። «በጣም ጥሩ፣ እሳት ያልነደደበት ቤት ለማነጻጸሪያ ያስፈልገናል» አለኝ፣ በዚሁ ቃል። በጣም ጥሩ።

ሄድኩ። እማሆይ ቁልፉን ሰጡኝና ከኋላዬ አልገቡም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ደጁን ሞልቶታል። ቤቱ ውስጥ ብርዱ ሌላ ነው፣ ጨርቆቹ እንደተጠቀጠቁ ናቸው፣ ማንደጃው ጓዳ ውስጥ ተደፍቶ ሸረሪት አድርቶበታል፣ አመዱን በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሳጥኗን ሰቅዬ፣ ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን አይቼ ወጣሁ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ስከት ከውስጥ ሻ፣ ሻ የሚል ነገር ሰማሁ። ነፋስ ቆርቆሮውን ሲነካው ይሆናል አልኩና ወደ ወገዳ ወረድኩ። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳ እንዳልነበረ ያሰብኩት መንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስኩ። በሩ እንደቆለፍኩት ነው። በሩን እስከ ጥግ ከፈትኩና ገብቼ የሳጥኗን መዝገብ ወደ ኋላ እየመለስኩ አየሁ። እኔ ከወጣሁ ጥቂት ቆይቶ ቁጥሩ መነሳት ጀምሯል፣ ማታውን ሙሉ ወጥቷል፣ የደረሰበት የመጨረሻው ከፍታ የህዳሩ ነው፣ ያው ራሱ ቁጥር። ሙት እውነቴን ነው፣ ያንን ቁጥር እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ አብሮኝ ሲተኛና ሲነሳ የከረመ ቁጥር ነው።

ሳጥኗ ተበላሽታ ነው ብዬ ልተወው ስል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ዓይኔ እያየ፣ ቁጥሩ አንድ አንድ እያለ መውጣት ቀጠለ። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ማራገቢያው ተሰማኝ፣ ሻ፣ ሻ፣ ሻ፣ ቀስ ያለ፣ እጁ የደከመ ሰው የሚያራግበው ዓይነት። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ማንደጃው እንደተደፋ ነው፣ ድሩም አልተበጠሰም። ዞር ስል በሩ ከኋላዬ እየተመለሰ ነው። እንደ ነፋስ አልተላተመም፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃ ሰው ተጠንቅቆ የሚመልሰውን ያህል በዝግታ ገጠመ። ጨለማ ሆነ። ግንባሬን ከዚህ እስከዚህ ያዘኝ።

«የሻረግ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ማራገቢያው ቆመ።

ሳጥኗን ነቅዬ፣ አጥፍቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ወጣሁ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ደጅ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ምነው ፊትህ? ሙላት ሰኞ ከልጁ ጋር ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ያች ዕቃህ ምን አለች፣ ቤቱ ደህና ነው?»

«አይግቡበት፣ እማሆይ።»

«ምነው?»

ያኔ ነው የነገርኳቸው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ፣ የሻረግን ምች እንዳልመታት፣ ጨርቁ ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ሳይናፈስ፣ ከሰልም ለዘለዓለሙ ሳይቀር ያች ልጅ እዚያ ማደር እንደሌለባት። ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ ቆሟል።

«ጭስ ሕፃን ይገድላል ብለህ ያስተማርኸን አንተ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እማሆይ።»

«ያን ዕለት ታውቅ ነበር? ዕቃህ ነግራህ ነበር?»

ልመልስላቸው የምችለው እውነት አንዲት ቃል ነበረች። አፍሬም ፈርቼም ዋጥኳት።

«የለም፣ እማሆይ። ያን ዕለት ሳጥኗ ተበላሽታ ነበር።»

ቦርሳዬ ውስጥ ሳጥኗ እዝዝ አለች። በእጄ ያጠፋኋት ሳጥን። እማሆይ ቦርሳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አጠገቤ አልፈው በሩን እስከ ጥግ ከፈቱት፣ ድንጋይም አስደገፉት።

«አየር ይግባላት» አሉ።

አለቃዬ የዚያን ቀኑን መዝገብ «የመሣሪያ ብልሽት» ብሎ ሰረዘው። ሳጥኗን አዲስ አበባ ልከው አስመረመሯት፣ ምንም አልተገኘባትም። እኔ ሥራውን ለቀቅኩ። ባለፈው ወገዳ ገበያ ሙላት አገኘኝና ትከሻዬን ይዞ ሳመኝ። «ያችን ልጄን ካንተ ሌላ ማን አተረፈልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። እማሆይ አልነገሩትም ማለት ነው። እኔም አልነገርኩትም።

አሁን የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፣ ከሰል ቤቴ አይገባም። ብርድም ቢሆን በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው፣ ሚስቴ ስትነጫነጭ ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ጠዋት ራሴን ይዞኝ ስነሳ በሩ በዝግታ ተመልሶ፣ ገጥሞ አገኘዋለሁ። ሚስቴ እኔ አልነካሁትም ትላለች።