መራራው አረቄ በሳቮዋ በዓል

ጋሽ ሳህሌ የሞቱት ሳር ክምር ላይ ነው፤ ትልቅ የላም ደወል እንዳቀፉ።

መጀመሪያ ሃምሳ ሰው ሳቀባቸው። «ሰከሩ!» ተባለ፤ አኮርዲዮኑ እንኳ አልቆመም። ሮጣ ሄዳ እጃቸውን የያዘችው ኖላዊት ብቻ ናት። ትንፋሽ የለም።

ኦኬ፣ በዓሉ ምን መሰላችሁ። ጋሽ ሳህሌ ሲያትል ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ምናምን ዓመት ፈረንሳይ፣ ሳቮዋ የሚባል ተራራማ አገር ቺዝ ሲሠሩ ነው የኖሩት። እዚያ ሰመር ሲሆን ከብቱ ወደ ተራራው ይወጣል፤ መንደሩ ደግሞ ድግስ በድግስ ነው። የሳር አጨዳ ውድድር አለ፣ ደወል አለ፣ ጭፈራ አለ። ትልቁ ኦገስት አስራ አምስት፣ የማርያም ቀን ነው። እሳቸውም በየዓመቱ ሬስቶራንታቸው ጓሮ ሳር ቆልለው፣ ቺዝ አቅልጠው ያንኑ በዓል ያደርጋሉ። ችግሩ ቀኑ በኛ ነሐሴ ዘጠኝ መሆኑ ነው፤ ፍልሰታ! ሶ እነሱ ማርያምን በቺዝ ሲያከብሯት እኛ ገና በሽሮ እየጠበቅናት ነው።

ዲቴክቲቭ ኣብረሀት ይሕደጎ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አይደለም፤ የቆሙትን ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ያደገች የኤርትራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ትንሽ ትግርኛ ትግርኛ ይላል፣ ከዓይኗ ግን የሚያመልጥ የለም። ሳሩ ላይ የወደቀ የእንጨት ስኒ አንስታ አሸተተች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዣንሲያን ነው» አለች ኖላዊት። «የተራራ ሥር የተዘፈዘፈበት አረቄ። መራራ ነው፣ በጣም። ጋሼ በዓሉ ሊጀመር ሲል ከግል ጠርሙሳቸው አንድ ስኒ ይጠጣሉ። ከጋሽ መንግሥቴ በቀር ለማንም አይሰጡም።»

«አንቺስ ማነሽ?»

«አብሳይዋ ነኝ። በዲቪ መጥቼ ስምንተኛ ወሬ ነው።»

«ዛሬ ያበሰልሽውን ቀምሰሽዋል?»

«አይ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«ሰማችሁልኝ?» የሟቹ ሚስት እትዬ ሙሉወርቅ ከኋላ ጮኹ። «የራሷን እጅ ሥራ የማትቀምስ! ጠርሙሱም እሷው ኩሽና ውስጥ ነው ያለው! ውሰዱልኝ ይቺን!»

ሰዉ ሁሉ ከኖላዊት አንድ እርምጃ ራቀ። እውነት፣ ሳያስበው ነው የራቀው።

በማግስቱ ኣብረሀት ሬስቶራንቱ ውስጥ ተቀመጠች፤ ከፊቷ ከበዓሉ የተረፈ ቺዝ በሳህን አለ። መጀመሪያ የመጣው መንግሥቴ ነው፤ አስራ አምስት ዓመት ከሳህሌ ጋር የሠራ ሰው።

«ሳህሌ ወንድሜ ነበር» አለ ቺዙን ቆረስ እያደረገ። «ያቺን ልጅ ግን በደንብ ጠይቂያት።»

«ተራራ ይወጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«በየሳምንቱ! አንቺም ሞክሪው፣ ወንበር ላይ ደርቀሽ ልትቀሪ ነው እኮ።»

ሌላ ቁራጭ አነሳ። ኣብረሀት ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

ቀጥለው እትዬ ሙሉወርቅ ገቡ።

«ባለቤትዎ ወደ ሳቮዋ ሊመለሱ ነበር?»

«አዎ! እኔ እዚያ በረዶ ውስጥ ከላም ጋር ላወራ? ተጣልተናል፣ አልዋሽሽም። ግን ለመጣላትም ሰው ያስፈልጋል፣ ልጄ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሬስቶራንቱስ?»

«ለዚያች ልጅ! በዓሉ ሲያልቅ ደወሉን ሊሰጣት ነበር። በነሱ አገር መንጋውን የሚመራው ደወሉን የያዘ ነው። እሷም አታውቅ፤ ድንገት ላስደስታት ብሎ ደብቆባታል። እኔ እንዲመክረው ብዬ ለመንግሥቴ ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ስኒውን ሲያነሱ ማን ነበር?»

«እኔና መንግሥቴ። እንደ ሁልጊዜው ‹በል አብረን› አለው። መንግሥቴ ‹ፍልሰታ ነው› ብሎ እምቢ አለ። ሳህሌ እንዴት እንደሳቀበት!»

ኣብረሀት ሳህኑን አየችው። ባዶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል፤ ለማን እንደቆመ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል። ኖላዊት ግሪን ካርዷን በእጇ ጨብጣለች፤ የሚነጥቃት ያለ ይመስል።

«ላቡ መልስ ሰጥቷል» አለች ኣብረሀት። «ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ዣንሲያን አይደለም። እሱን የሚመስል መርዛም ሥር ነው። ሳቮዋ ሁለቱ ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ እዚህ ተራራችን ላይ ያለው ግን መርዛሙ ብቻ ነው።»

«ሶ ሳህሌ ራሱ ተሳስቶ ነቅሏላ!» አለ መንግሥቴ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ጋሽ ሳህሌ ሥሩን ደረቁን ከሳቮዋ በፖስታ ነው የሚያስመጡት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ገና ሳይደርቅ የተዘፈዘፈ ነው፣ አፈሩ እንኳ በደንብ አልታጠበም። ሰሞኑን ተራራ ወጥቶ የነቀለው ሰው አለ። ኖላዊት፣ መኪና አለሽ?»

«ላይሰንስም የለኝ። ከዴ ሞይን በባስ ነው የምመጣው።»

«እትዬ፣ እርስዎስ ተራራ ይወጣሉ?»

«እኔ? ደረጃ እንኳ ያመኛል!»

«ጋሽ መንግሥቴ ይወጣሉ። በየዓመቱ አብረው የሚጠጡትን ስኒ ዘንድሮ ለምን እምቢ አሉ?»

«ጾም ነዋ!»

«በበዓሉ ማግስት እዚህ ወንበር ላይ ስንት ቁራጭ ቺዝ በሉ?»

መንግሥቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ኖላዊት እውነተኛ ጾመኛ ስለሆነች ድስቷን አልቀመሰችም፤ ለዚያ ነው ገዳይ የተባለችው። እርስዎ ግን ቺዙን በልተው አረቄውን ጾሙ። አረቄው ሥርና አልኮል ነው፣ ወተት የለበትም። የሚጾመውን በልቶ የማይጾመውን የሚተው ሰው አንድ ነገር ያውቃል ማለት ነው።»

«ረሳሁት! ሰው አይረሳም?»

«ይረሳል። ስኒው ሲቀርብ ብቻ ነው ትዝ ያለዎት? ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ መኪናዎን ከፍተናል። አካፋዎ ላይ የተገኘው የሥር ቁራጭ ከጠርሙሱ ሥር ጋር አንድ ነው።»

መንግሥቴ ፊቱ ጠቆረ።

«አስራ አምስት ዓመት!» አለ። «ሳሩን የተሸከምኩት እኔ! ቺዙን እስከ ታኮማ ዞሬ ያስተዋወቅኩት እኔ! ስምንት ወር ላልሞላት ልጅ ደወሉን! እንዲያመው ብቻ ነው የፈለግኩት፣ በዓሉ እንዲበላሽ፣ በቃ።»

«ታዲያ ሲወድቁ አጠገባቸው ነበሩ። አምቡላንስ ለምን ኮል አላደረጉም? የደወለችው ኖላዊት ናት።»

ከውጭ ሁለት ፖሊሶች ገብተው ያዙት።

ይዘውት ሲወጡ እትዬ ሙሉወርቅ ወደ ኖላዊት ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ…» አሉና ቀሩ።

ኖላዊት ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቀና ብላ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ እህል ቀምሰዋል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልቀመሱም።

ወደ ኩሽናው ሄደች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ዞር ብሎ አሳለፋት፤ ማንም አልተከተላትም።